የዲስክ በር እንቅልፍ፤ በሊኑክስ ከርነል የኀይል ቁጠባ ደንብ ላይ የቀረበ ሒስ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ አዲ አርቃይ ሲደርስ፥ ቀኑ መብራት የጠፋበት ቀን ከሆነ፥ የቆመውን ሥራና ያልቆመውን ሥራ ወዲያው ለይቶ ማወቅ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ወፍጮ ይቆማል፤ የፎቶ ኮፒው መኪናም ይቆማል፤ ላፕቶፕ ይዞ የተቀመጠው መምህር ግን የተማሪዎቹን ውጤት መመዝገቡን ይቀጥላል። የሚቀጥለውም ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ነው። እንግዲህ «ይህ ባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ለመምህሩ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ ሥራው ዛሬ ያልቃል ወይስ ለነገ ያድራል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ባትሪን የሚጨርሰው ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሥራ ፈትቶ ትእዛዝ የሚጠብቀውም ክፍል ኀይል ይበላል። ከነዚህም አንዱ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ ጋራ የሚገናኝበት በር፥ ማለት ፖርቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በከርነሉ ውስጥ፥ ይኸውም የመሣሪያውን ክፍሎች በሚያዝዘው እምብርቱ ውስጥ፥ ይህን በር ለማስተኛት የደነገገውን ደንብ ነው። ሊኑክስን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የውስጥ ጽሑፉ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ፥ ሐያሲው ደንቡን ብቻ ሳይሆን ደንቡን የጻፉት ሰዎች የሰጡትንም ምክንያት አንብቦ ሊፈርድ ይችላል።

በሩ እንዴት ይተኛል

ሳታ በተባለው የግንኙነት ሥርዐት፥ ዲስኩና ኮምፒዩተሩ የሚላላኩት መረጃ ባይኖራቸውም እንኳ መስመሩ ነቅቶ እንዲቆይ ምልክት ሳያቋርጡ ይለዋወጣሉ። ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩት ነገር ሳይኖራቸው «አለህ?» «አለሁ» እየተባባሉ እንደሚያነጉ ማለት ነው። ይህ ልውውጥ ራሱ ኀይል ይፈጃል። ከዚህም በላይ በአንዳንድ የኢንቴል ላፕቶፖች መስመሩ ካልተኛ ዋናው ፕሮሰሰር ወደ ጥልቁ የዕረፍት ደረጃ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ አንድ ትንሽ በር ነቅቶ በማደሩ ቤቱ በሙሉ እንቅልፍ ያጣል።

ለዚህ መድኀኒት ይሆን ዘንድ የሳታ ሥርዐት የእንቅልፍ ደረጃዎችን አበጅቶአል። የመጀመሪያው «ፓርሻል» ይባላል፤ በሩን ተደግፎ እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ነው፤ ቢበዛ በ10 ማይክሮ ሰኮንድ ይነቃል። ሁለተኛው «ስላምበር» ነው፤ አልጋው ላይ እንደ ተኛ ዘበኛ ነው፤ ለመንቃትም እስከ 10 ሚሊ ሰኮንድ ድረስ ይፈቀድለታል። ሦስተኛው «ዴቭስሊፕ» የተባለው በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2013) በወጣው በሳታ 3.2 ደንብ የተጨመረ ሲሆን፥ መብራቱን አጥፍቶና በሩን ዘግቶ እንደ ተኛ ዘበኛ ነው። እንቅልፉ በጠለቀ መጠን ቁጠባው ይበዛል፤ መንቃቱም ይዘገያል። እንቅልፉን የሚጠይቀው ኮምፒዩተሩ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዲስኩ ራሱ «ልተኛ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ሁለተኛውን መንገድ ባለሙያዎቹ «ዲአይፒኤም» ይሉታል።

ሊኑክስ ይህን ሥራ የጀመረው ጥር 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) በወጣው በ2.6.24ኛው ከርነል ነው። የጻፈችውም ክሪስተን ካርልሰን አካርዲ ናት። በዚያ ጊዜ ለተጠቃሚው ሦስት ምርጫ ቀረበለት፤ «ማክስ ፐርፎርማንስ» ማለት ፍጥነትን አስቀድም፥ «ሚዲየም ፓወር» ማለት በመጠኑ ቆጥብ፥ «ሚን ፓወር» ማለት አብዝተህ ቆጥብ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ቴጁን ሆ ሥራውን እንደገና አደራጀው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ሊን ሚንግ በሩ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ፥ ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ እያለ ሊተኛና ሊነቃ የሚችልበትን መንገድ አስገባ።

የሚመሰገነው

ሐያሲ ጉድለትን ብቻ ቢቈጥር ፍርዱ አይታመንም። በዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች በእውነት ይመሰገናሉ።

አንደኛው ሥርዐቱ የቤተ ሰብ ሥርዐት መሆኑ ነው። ዲስኩ የበሩ ልጅ ነው፤ በሩም የመቈጣጠሪያው ልጅ ነው። ልጁ ሳይተኛ ወላጁ አይተኛም፤ ወላጁ ሳይነቃ ልጁ አይነቃም። ይህ ቀላል ሕግ አንድ ሥራ በመካከል ተቈርጦ እንዳይቀር ይጠብቃል፤ ዐዲስ ዓይነት መሣሪያ በመጣ ቍጥርም ሕጉን እንደገና መጻፍ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምርጫው ግልጽ መሆኑ ነው። በእያንዳንዱ በር ስም አንድ ትንሽ ፋይል ተቀምጦአል፤ ሥልጣን ያለው ሰው ከፍቶ ያነበዋል፤ ቢፈልግም በአንድ መስመር ይለውጠዋል። ከርነሉን እንደገና መሥራት ወይም ፋብሪካውን መለመን አያስፈልግም። ለተማሪ ይህ ትልቅ በጎነት ነው፤ ምክንያቱም መለወጥ የሚቻለውን ነገር መመርመርም ይቻላል።

የመጀመሪያው ጉድለት፤ አለመወሰን

እንግዲህ ምርጫው በ2000 ዓ.ም. ከቀረበ፥ ተጠቃሚው ምንም ባይመርጥ ከርነሉ ምን ያደርጋል? ለዐሥር ዓመት ያህል መልሱ «ፍጥነትን አስቀድም» ወይም «ፋብሪካው እንዳስቀመጠው ይቈይ» የሚል ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሃንስ ደ ጉዴ «ሜድ ፓወር ዊዝ ዲአይፒኤም» የተባለውን ዐዲስ ምርጫ ሲያስገባና ለላፕቶፖች መነሻ ደንብ መምረጥ እንዲቻል ሲያደርግ እንኳ፥ በከርነሉ ውስጥ የተጻፈው መነሻ ቍጥር 0 ነበረ፤ ትርጒሙም «የፋብሪካውን አትንካ» ማለት ነው። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በዚያው ዓመት በ28ኛው እትሙ ይህን ቍጥር ለላፕቶፖች ለወጠ፤ ሌሎቹ ግን እንደየፍላጎታቸው ቆዩ።

ይህ አለመወሰን ዋጋው ምን ያህል ነው? ደ ጉዴ ራሱ ለለውጡ በሰጠው ምክንያት፥ በብዙ ላፕቶፖች ያለ ሥራ በሚቆዩበት ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ዋት እንደሚተርፍ፥ ቀጫጭኖቹ ዘመናዊ ላፕቶፖች ደግሞ ያለ ሥራ ሲቆዩ 6 ዋት ገደማ እንደሚወስዱ ጽፎአል። ይህን ወደ ሰዓት እንለውጠው። 48 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ7.5 ዋት 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይቆያል፤ በ6 ዋት ግን 8 ሰዓት ይቆያል። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ላፕቶፑ ያረጀና 12 ዋት የሚወስድ ቢሆን፥ 1.5 ዋት ቢቀነስለት ከ4 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ያድጋል። ኮምፒዩተሩ ሲሠራበት ቍጥሩ እንደሚቀንስ አይካድም። ይሁን እንጂ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ያስባል፥ ያነባል፥ ያርማል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ ዲስኩ ሥራ ፈት ነው።

የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው ለማይለይበት ቢሮ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። መብራት ለሚጠፋበት ቦታ ግን አንድ ክፍለ ትምህርት ነው። ስለዚህ «አልወሰንኩም» ያለው ደንብ በእውነቱ ወስኖአል፤ የወሰነውም መብራት ለማይጠፋበት ሰው ነው።

ይህ ልማድ የማይቀር እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ በሀገራችን አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «ኤክስኦ» የተባሉት የልጆች ላፕቶፖች በጥቂት ሺሕ ቍጥር ለትምህርት ቤቶቻችን ታድለው ነበር። እነሱም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበረ፤ ዲስክም የዲስክ በርም አልነበራቸውም፤ መረጃው በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ የፍላሽ ማኅደር ይቀመጥ ነበር። ፕሮሰሰሩ ተኝቶ ስክሪኑ ግን በርቶ ልጁ ማንበቡን እንዲቀጥል ተደርገው ታቅደው ነበር። የኤክስኦ ጉዞ በሌላ በኩል ብዙ ሊተች ይችላል። በዚህ ነጥብ ግን ዐቃጆቹ «መብራት የሌለበት ተማሪ ቤት» የሚለውን ሐሳብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንጂ በግርጌ አላስቀመጡትም። ዛሬ በገጠር ከተሞቻችን የሚገኘው ላፕቶፕ ግን ለሌላ ሀገር ሰው ተሠርቶ፥ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው እጅ አገልግሎ የመጣ ነው፤ መነሻ ደንቡም አብሮት ይመጣል።

የሚያመነታበት ምክንያት

የከርነሉ ጸሓፊዎች ለማመንታታቸው ምክንያት አላቸው፤ ምክንያቱንም ሳናይ ብንፈርድ እንሳሳታለን። «ሚን ፓወር» የተባለው ምርጫ በአንዳንድ ዲስኮች ላይ መረጃ እስከ ማበላሸት እንደ ደረሰ ሪፖርት ተደርጎአል። ዲስኩ ተኝቶ ሲቀሰቀስ በደንቡ በተወሰነለት ጊዜ አይነቃም፤ ወይም ሲነቃ መስመሩን አዛብቶ ይነቃል። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ይደነዝዛል፥ ከባሰም ፋይሉ ይጐዳል። ለመምህሩ አንድ ሰዓት ተኩል ማትረፍ መልካም ነው፤ የዓመቱን የውጤት መዝገብ ማጣት ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው። የጤና ተቋሞቻችን ሪፖርታቸውን ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት በሚመዘግቡበት በዚህ ዘመን፥ በዲስክ ላይ ያለው ነገር የተማሪ ውጤት ብቻ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ደ ጉዴ ለዚህ ችግር ያቀረበው መልስ ብልህነት አለበት። ዐዲሱን መካከለኛ ምርጫ ያስተካከለው የኢንቴል ድራይቨር በዊንዶውስ ላይ ከሚጠቀምበት መነሻ ደንብ ጋራ እንዲመሳሰል አድርጎ ነው። አሳቡም ይህ ነው፤ ፋብሪካዎች ዲስካቸውን የሚፈትኑት በዊንዶውስ ነውና፥ በዚያ ያለፈ ዲስክ እዚህም ሊያልፍ ይገባዋል። እኔም ይህን አሳብ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሙሉ ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳየው ቀጥሎ የምናየው ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት፤ የማስረጃው ምንጭ

ግንቦት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) በወጣው በ6.9ኛው ከርነል ደንቡ ሰፋ። ቀድሞ መነሻው ምርጫ የሚሠራው ለላፕቶፕ ተብለው በስም በተመዘገቡ መቈጣጠሪያዎች ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን እንቅልፍን እችላለሁ ብሎ በሚመሰክር መቈጣጠሪያ ሁሉ ላይ እንዲሠራ ሆነ። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ሪፖርት መጣ። ክሩሻል የተባለው ኩባንያ ሲቲ240ቢኤክስ500 የሚለው ኤስኤስዲና አፓሰር ኤኤስ340 የተባለው ኤስኤስዲ እንቅልፉን በሚገባ እንደማይችሉት ታወቀ። ወዲያውም ስማቸው «እነዚህን አታስተኛ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ተጻፈ።

ስለ አፓሰሩ ዲስክ በተጻፈው ማብራሪያ ውስጥ አንድ አስተያየት ይገኛል፤ ችግሩ ከዚህ በፊት ያልታየው ምናልባት ይህን ዲስክ እንቅልፍ በተፈቀደበት መቈጣጠሪያ ላይ የተጠቀመበት ሰው ስላልነበረ ነው ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ ነገር በዚህ አስተያየት ውስጥ ይገኛል። በትክክል ለመናገር የነበረው ክፍተት የተጠቃሚ ክፍተት ብቻ አይደለም፤ የምስክር ክፍተትም ነው። ዲስኩ ቢደነዝዝ እንኳ አይቶ የጻፈ ሰው ከሌለ ለከርነሉ ችግሩ አልተፈጠረም።

ይህን ወደ ሀገራችን እናምጣው። ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ሰው አሮጌውን ሀርድ ዲስክ አስነቅሎ ርካሽ ኤስኤስዲ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ አልፎ አልፎ ቢደነዝዝ ወደ ጠጋኙ ይወስደዋል። ጠጋኙም ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ እንደገና ይጭንለታል፤ ካልሆነም ዲስኩን ይለውጥለታል። ሁለቱም በቅን ሠርተዋል፤ ነገር ግን የዲስኩን ሞዴል፥ የውስጥ ፕሮግራሙን ቍጥርና የከርነሉን መልእክት የመዘገበ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ያ የስም ዝርዝር የመጥፎ ዲስኮች ዝርዝር ነው ቢባልም፥ በእውነቱ የመጥፎ ዲስኮችና የጻፉ ሰዎች መገናኛ ነው። ጸሓፊ ያልደረሰበት ዲስክ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ እንዲህ ነው። የዛሬው ደንብ ለእኛ በሁለት ወገን ይጐድላል። በአንድ ወገን ለዐሥር ዓመት ከመጠን በላይ ፈሪ ሆኖ ባትሪያችንን አስበላ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ዛሬ ሲደፍር የእኛን ዲስኮች ሳያውቅ ይደፍራል። ሁለቱም ጉድለቶች የሚወለዱት ከአንድ እናት ነው፤ ማስረጃው ከሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተሰበሰበ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት፤ ስምና ምስክርነት

ስለ ስሞቹም ጥቂት ልናገር። «ሚን ፓወር» የሚለው ስም ለሰሚው «ከሁሉ የሚቆጥብ» ይመስለዋል፤ አደጋውን ግን አይናገርም። «ይህ አንዳንድ ዲስክ ያበላሻልና አትጠቀሙበት» የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚገኘው ከርነሉን ለሚገነቡ ሰዎች በተጻፈው መመሪያ ውስጥ ነው፤ ምርጫውን በፋይሉ ላይ የሚጽፈው ተጠቃሚ በዚያ አያልፍም። ፓወርቶፕ የተባለው የታወቀ የኀይል መለኪያ ፕሮግራም እንኳ ቀድሞ ይህንኑ «ሚን ፓወር» ይጽፍ ነበር፤ በኋላ ነው ወደ መካከለኛው የተመለሰው።

ሌላው ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ዲስክ ሊነቀልባቸውና ሊሰካባቸው የሚችሉት በሮች ጉዳይ ነው። ከ6.9ኛው ከርነል ወዲህ እነዚህ በሮች እንዳይተኙ ተደንግጎአል። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ የተኛ በር ዲስኩ ቢነቀል አያውቅምና። ነገር ግን አንድ በር እንዲህ ያለ በር መሆኑን የሚመሰክረው የፋብሪካው ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው በግዴለሽነት በሩን ሁሉ «የሚነቀል» ብሎ ቢመዘግብ፥ ዲስኩ ተነቅሎ የማያውቅ ኮምፒዩተር ዕድሜውን ሁሉ ነቅቶ ይኖራል። እዚህም ላይ ማስረጃው የሌላ ሰው ነው።

«ሳታ እያረጀ ነው፤ ዐዲሶቹ ላፕቶፖች ኤንቪኤምኢ ይዘው ይመጣሉ» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ያው ነው። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) በወጣው በ4.11ኛው ከርነል የኤንቪኤምኢ ዲስኮች በራሳቸው እንዲተኙ ሲፈቀድ፥ በጥቂት የሳምሰንግ ዲስኮችና በተወሰኑ ላፕቶፖች ላይ ችግር ታይቶ፥ እንደገና የስም ዝርዝር ተጻፈ። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። በገጠር ከተሞቻችንም አሮጌው ሳታ ገና ብዙ ዓመት ማገልገሉ የማይቀር ነው።

ምን ይደረግ

ሒስ ያለ ምክር ወቀሳ ብቻ ይሆናል። የምመክረውም ከኪሳችን በላይ የሆነ ነገር አይደለም። ለአዲ አርቃይ ቅርብ የሆኑት የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች፥ እኛም በየኮሌጃችን፥ በእጃችን ባሉት አሮጌ ላፕቶፖች እንዲህ ያለ ፈተና ማድረግ እንችላለን።

በመጀመሪያ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጥ፤ ብቸኛ ቅጂ ባለበት ዲስክ ላይ ፈተና ማድረግ ወንጀል ባይሆን ሞኝነት ነው። ቀጥሎ ባትሪው ይሞላ፥ የስክሪኑ ብርሃን በአንድ ልክ ይወሰን፥ ገመዱም ይነቀል። ላፕቶፑ በ«ማክስ ፐርፎርማንስ» ሁለት ሰዓት፥ በመካከለኛው ምርጫ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያለ ሥራ ይቀመጥ፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ ከባትሪው የጐደለው ይመዝገብ። ከዚያም ትልቅ ፋይል ይጻፍና የማረጋገጫ ድምሩ ይያዝ፤ ዲስኩ ደጋግሞ እንዲተኛና እንዲነቃ ከተደረገ በኋላ ድምሩ እንደገና ይመርመር። የከርነሉ የመልእክት መዝገብ ተከፍቶ መስመሩ የተቋረጠበትና እንደገና የተቀጠለበት ምልክት ይፈለግ። በመጨረሻም የዲስኩ ሞዴል፥ የውስጥ ፕሮግራሙ ቍጥር፥ የመቈጣጠሪያው ስምና የከርነሉ እትም ተጽፎ ለከርነሉ ጠባቂዎች ይላክ። ችግር ባይገኝም ይጻፍ፤ ደኅና መሆኑ የታወቀ ዲስክም ማስረጃ ነውና።

ለከርነሉ ጸሓፊዎች የምናቀርበው ጥያቄም ሁለት ነው። የ«ሚን ፓወር» ማስጠንቀቂያ ምርጫው በሚጻፍበት ስፍራ ይነገር፤ ተጠቃሚው ሲጽፈው በመልእክት መዝገቡ አንድ መስመር ቢወጣ ይበቃል። እንደዚሁም አንድ በር ሳይተኛ ሲቀር ምክንያቱ በግልጽ ይታይ፤ በስም ዝርዝር ነው፥ በፋብሪካው ምስክርነት ነው፥ ወይስ ዲስኩ ስለማይችል ነው? ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሊያርም ይችላል፤ ያላወቀ ግን «ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ነው» ብሎ ይተዋል።

በአጠቃላይ ሲታይ የበሩ እንቅልፍ መልካም ሥራ ነው፤ ሥርዐቱም በጥንቃቄ የታነጸ ነው። ጉድለቱ በግንቡ ሳይሆን በምስክሮቹ ነው። ምስክርነቱን ለመሙላት ደግሞ ከኛ የበለጠ የሚገባው ሰው የለም፤ መብራቱ የሚጠፋው በእኛ ቤት ነውና። በቍጥሮቹ ወይም በፍርዱ ስሕተት ያገኘ አንባቢ፥ መምህርም ሆነ ጓደኛ፥ በሚቀጥለው እትም ቢያርመኝ ደስ ይለኛል፤ የራሱን ልኬት ይዞ ቢመጣ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።